የነዳጅና ኢነርጂ ዘርፍ ማሻሻያ ከአዋጅ እስከ ማደያ፤ የአፈጻጸም ተግዳሮቶች በደምበጫ መስመር

ኢትዮጵያ የምትጠቀምበትን ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝና የአውሮፕላን ነዳጅ ተጣርቶ ያለቀለት ሆኖ ከውጭ ሀገር በግዥ ታስገባለች። ለዚሁ ግዥ በየዓመቱ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር የውጭ ምንዛሪ ይወጣል። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በሥራ ላይ የዋለው የዘርፉ ማሻሻያ ድጎማውን ለተለዩ ተጠቃሚዎች ብቻ ማድረስን፣ ግብይቱን በዲጂታል ዘዴ ማካሄድንና ቁጥጥሩን በአንድ ተቋም ማጠናከርን መሠረት ያደረገ ነው።

ይሁንና የአንድ ማሻሻያ ውጤት የሚመዘነው አዋጁ በወጣበት ከተማ ብቻ አይደለም። በምዕራብ ጎጃም ዞን እንደምትገኘው ደምበጫ ባሉ፣ ከወደብ በእጅጉ በራቁ ከተሞች ነዳጁ በተተመነለት ዋጋ፣ በተፈለገበት ወቅትና ለተገቢው ተጠቃሚ መድረሱ ዋነኛው መመዘኛ ነው። ዋጋን የሚወስነው ማዕከሉ ቢሆንም ዋጋው እውን መሆኑን የሚያረጋግጠው የመጨረሻው ማደያና በአቅራቢያው ያለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው።

የዘርፉ አመጣጥ

በቀድሞው የሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተገነባው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሥራ ከጀመረ በኋላ ለሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ የሀገሪቱን ፍላጎት ሲሸፍን ቆይቷል። ማጣሪያው በ1989 ዓ.ም. ሥራ ማቆሙና በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት መቀስቀሱ ኢትዮጵያ የተጣራ ነዳጅን በጅቡቲ ወደብ በኩል እንድታስገባ አድርጓታል። ግዥውን የሚያከናውነው የመንግሥት የልማት ድርጅት የሆነው የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ሲሆን ሥርጭቱን የሚያካሂዱት የነዳጅ ኩባንያዎችና በሥራቸው ያሉ ማደያዎች ናቸው።

በ1993 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 247 የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንድ ተቋቋመ። የፈንዱ አሠራር ግልጽ ነው። የዓለም ዋጋ ከሀገር ውስጥ መሸጫ ዋጋ ዝቅ ባለ ጊዜ ልዩነቱ ለፈንዱ ገቢ ይሆናል፤ የዓለም ዋጋ ከፍ ሲል ደግሞ ፈንዱ ልዩነቱን ይሸፍናል። አሠራሩ የሚያዋጣው ከፍታውና ዝቅታው ሲቀያየሩ ነው። የዓለም ዋጋ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይና የሀገር ውስጥ ዋጋ በወቅቱ ሳይከለስ ሲቀር ፈንዱ ባለዕዳ ይሆናል።

መንግሥት በመስከረም 2001 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማን አንሥቶ ዋጋው በየወሩ እንዲከለስ ወስኖ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ግን የዋጋ ክለሳው ብዙ ጊዜ ከዓለም ገበያ ወደኋላ በመቅረቱ ድጎማው ተመልሶ መጥቷል። የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት በ2014 ዓ.ም. የዓለም ዋጋን ባናረበት ወቅትም የፈንዱ ጉድለት ለመንግሥት ከባድ ሸክም ሆኗል። በሌላ በኩል በኢትዮጵያ የነበረው ዝቅተኛ ዋጋ ነዳጅ በድንበር በኩል ወደ ጎረቤት ሀገሮች በኮንትሮባንድ እንዲወጣ በር ከፍቷል።

የማሻሻያው ዋና ዋና እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ ተቋማዊ ነው። የፌዴራል አስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር ለመወሰን በ2014 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1263 የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ተቋቁሟል። ቀደም ሲል በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ተከፋፍሎ የነበረው የነዳጅ ውጤቶችና የኢነርጂ ቁጥጥር ሥራም በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲሆን ተደርጓል።

ሁለተኛው የታለመ ድጎማ ነው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ማብቂያ የአንድ ሊትር ቤንዚን መሸጫ ዋጋ በአዲስ አበባ ከ36 ብር ከ87 ሳንቲም ወደ 47 ብር ከ83 ሳንቲም፣ የናፍጣ ዋጋ ደግሞ ከ35 ብር ከ43 ሳንቲም ወደ 49 ብር ከ02 ሳንቲም ከፍ ብሏል። ድጎማው ለሁሉም መሰጠቱ ቀርቶ በተመዘገቡ ከ160 ሺህ በላይ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ላይ እንዲያተኩርና ለሌሎች ተጠቃሚዎች ደረጃ በደረጃ እንዲነሣ ተወስኗል።

ሦስተኛው የዲጂታል ግብይት ነው። ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ከግንቦት 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በመላ ሀገሪቱ የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በተፈቀዱ ሌሎች የዲጂታል አማራጮች እንዲፈጸም ተደርጓል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በ2006 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 838 የሚተካና ሕገ ወጥ የነዳጅ ንግድን በጥብቅ የሚቀጣ አዲስ የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል።

ከእነዚህ ጎን ለጎን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ በነዳጅ ዋጋ ላይ ቀጥተኛ ተጽዕኖ አሳድሯል። ነዳጅ በዶላር ተገዝቶ በብር የሚሸጥ እንደመሆኑ የብር የመግዛት አቅም በቀነሰ ቁጥር የዓለም ዋጋ ባይጨምር እንኳ የሀገር ውስጥ ዋጋ ይጨምራል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ በተደረገው ክለሳ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 101 ብር ከ47 ሳንቲም፣ የናፍጣ ዋጋ ደግሞ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ደርሷል። ናፍጣ ከማሻሻያው ዋዜማ ጋር ሲነጻጸር በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ወደ 3 እጥፍ የተጠጋ ጭማሪ አሳይቷል ማለት ነው።

ከጅቡቲ እስከ ደምበጫ

ደምበጫ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም መካከል የምትገኝ ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ በግምት 350 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ከአውራ ጎዳናው ተገንጥሎ ወደ ፈረስ ቤት የሚወስደው መንገድ መነሻም ናት። አካባቢው በቆሎ፣ ጤፍና ስንዴ በስፋት የሚመረትበት ነው። በመኸር ወቅት የእህል ጭነት፣ በበጋ ወራት የመስኖ ሥራ፣ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ የእህል ወፍጮና የሕዝብ ትራንስፖርት ነዳጅ ይፈልጋሉ።

ነዳጅ የጫነ ቦቴ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመድረስ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ወደ ጎጃም የሚቀጥለው ጭነት ፍቼንና ጎሐ ጽዮንን አልፎ የዓባይን በረሃ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮም ወደ ደጀን የሚያወጣውን ዳገት ይወጣል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው ቁልቁለትና ዳገት ለከባድ ተሽከርካሪ አድካሚ ከመሆኑም በላይ በዚያ የሚያጋጥም ብልሽት ወይም የመንገድ መዘጋት ከበረሃው ወዲያ ያሉትን ከተሞች አቅርቦት ያስተጓጉላል።

የነዳጅ መሸጫ ዋጋ ሲሰላ የግዥ ዋጋ፣ የባሕርና የየብስ ማጓጓዣ፣ የወደብና የባንክ ወጪ፣ የመንግሥት ገቢ፣ የኩባንያውና የማደያው የትርፍ ህዳግ ይደመራሉ። ለየከተማው የሚወጣው ዋጋም በማጓጓዣው ርቀት ልክ ይለያያል። በመሆኑም የደምበጫ ተጠቃሚ ለሊትር የሚከፍለው ዋጋ ከአዲስ አበባው ከፍ ያለ ይሆናል። ርቀቱ የሚያስከትለው የጊዜ ወጪ ግን በስሌቱ ውስጥ የለም። በመንገድ ላይ የዘገየ ቦቴ፣ ማደያ ላይ የተሰለፈ አውቶቡስና ሳይፈጭ የዋለ እህል የሚያስከትሉት ኪሳራ በዋጋ ሰሌዳው ላይ አይታይም።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የተከሰተው የጸጥታ ችግር ይህንኑ ተግዳሮት አክብዶታል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ይህ ሁኔታ የጎጃምን መስመር ጨምሮ በክልሉ መንገዶች ላይ የተሽከርካሪ እንቅስቃሴ በተለያዩ ጊዜያት እንዲቋረጥ ምክንያት ሆኗል።

የማደያዎች አቅም

በዋጋ ማሻሻያ ወቅት ትኩረት የሚሰጠው ለተጠቃሚው ቢሆንም የማደያው የሥራ ማስኬጃ ካፒታልም የሚታይ ጉዳይ ነው። ለምሳሌ ያህል 45 ሺህ ሊትር ናፍጣ የሚጭን አንድ ቦቴ በአዲስ አበባ መሸጫ ዋጋ ቢሰላ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ማብቂያ የጭነቱ ዋጋ 2 ሚሊዮን 205 ሺህ 900 ብር ነበር። ይኸው ጭነት በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ 4 ሚሊዮን 454 ሺህ 100 ብር ሆኗል። አንድ ማደያ ያንኑ መጠን ለማዘዝ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከእጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው።

በሌላ በኩል የማደያ የትርፍ ህዳግ በመንግሥት የሚወሰንና በሊትር የሚታሰብ ነው። ህዳጉ ከወጪው ጋር እኩል ካልተራመደ ብዙ ተሽከርካሪ የሚስተናገድበት የትልቅ ከተማ ማደያ በሽያጭ ብዛት ሊቋቋመው ይችላል፤ የአነስተኛ ከተማ ማደያ ግን የሚያዝዘውን መጠን ይቀንሳል ወይም በየጊዜው ደርቆ ይውላል። የራሳቸው ማደያ የሌላቸው በርካታ ወረዳዎች በሀገሪቱ መኖራቸውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ማደያ የሌለው ወረዳ ነዋሪ በአቅራቢያው ወዳለው የአውራ ጎዳና ከተማ ስለሚመጣ ለአንድ ከተማ ሕዝብ የታሰበው ኮታ ለብዙ ወረዳዎች ይከፋፈላል።

የዋጋ ቁጥጥርና የአቅርቦት እጥረት በአንድ ላይ ሲከሰቱ የሚፈጠረው የጥቁር ገበያ ነው። በማደያው የተለጠፈው ዋጋ በሕግ የተወሰነ ቢሆንም ነዳጁ በማደያው ከሌለ ተጠቃሚው የሚከፍለው ቸርቻሪው የጠየቀውን ነው። በዚህ ጊዜ ድጎማውም ሆነ የዋጋ ጣሪያው ለተጠቃሚው ሳይሆን ለሕገ ወጥ ነጋዴው ይጠቅማል። ስለሆነም የዋጋ ቁጥጥር ብቻውን ተጠቃሚውን አይጠብቅም፤ የመጣው ነዳጅ መጠንና የተሸጠው መጠን በየዕለቱ ሲመሳከር ነው ቁጥጥሩ ትርጉም የሚኖረው።

የዲጂታል ግብይት ጠቀሜታና ገደብ

የዲጂታል ክፍያ ዋነኛ ጠቀሜታ እያንዳንዱ ሽያጭ መዝገብ እንዲኖረው ማድረጉ ነው። ማደያው ከዴፖ የተረከበው መጠን፣ ለማን እንደሸጠና ምን ያህል እንደቀረው ሊታወቅ ይችላል። የታለመውን ድጎማ ለተመዘገበ ተሽከርካሪ ብቻ ማድረስ የተቻለውም በዚሁ ዘዴ ነው።

አሠራሩ ግን ስልክን፣ ኔትወርክንና የኤሌክትሪክ ኃይልን ይፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ መቆየቱ የአሠራሩን ደካማ ጎን አሳይቷል። ቴሌብር ያለ ኢንተርኔት በአጭር የኮድ ቁጥር የሚሠራበት አማራጭ ያለው ቢሆንም የድምፅና የመልእክት ኔትወርክም በሚቋረጥበት ቀን ይኸው አማራጭ አያገለግልም። በዚህ ጊዜ የማደያው ሠራተኛ ሁለት ምርጫ ብቻ ይኖረዋል፤ መመሪያውን አክብሮ ሽያጭ ያቆማል፣ አለዚያም በጥሬ ገንዘብ ሸጦ ለተጠያቂነት ይጋለጣል። ለአምቡላንስ፣ ለውኃ ማመላለሻና ለመሳሰሉት አስቸኳይ አገልግሎቶች በእንዲህ ያለ ቀን በምን ዓይነት ሰነድና በማን ፈቃድ ነዳጅ እንደሚሰጥ አስቀድሞ መወሰን የአፈጻጸም ክፍተቱን ይዘጋል።

የጀሪካን ሽያጭና የአርሶ አደሩ ጉዳይ

ሕገ ወጥ ንግድን ለመከላከል ማደያዎች ነዳጅን በጀሪካንና በበርሜል እንዳይሸጡ ተከልክሏል። ክልከላው አስፈላጊ ነው፤ የጥቁር ገበያው ዋነኛ ማጓጓዣ ጀሪካን በመሆኑ ነው። ነገር ግን የመስኖ ፓምፕ፣ የእህል ወፍጮና የእህል መውቂያ ማሽን ወደ ማደያ የሚሄዱ ተሽከርካሪዎች አይደሉም። ባለቤቶቻቸው ነዳጁን በዕቃ ይዘው ከመሄድ ሌላ አማራጭ የላቸውም። ለእነዚህ ተጠቃሚዎች አሠራሩ በልዩ ሁኔታ የሚፈቅደው ከሚመለከተው የአካባቢ አስተዳደር አካል በሚሰጥ የድጋፍ ደብዳቤ ነው።

የማሻሻያው ክብደት በወረዳ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚያርፈው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ከተምጫና ከመሰል ወንዞች ውኃ ስቦ በበጋ የሚያመርት አንድ አርሶ አደር ለፓምፑ በቀን 5 ሊትር ቤንዚን ቢያስፈልገው በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ በነበረው የአዲስ አበባ ዋጋ 507 ብር ከ35 ሳንቲም ያወጣል። ደብዳቤው በዕለቱ ካልተጻፈለት ወይም ደብዳቤ ይዞ ሄዶ ማደያው ባዶ ከሆነ ምርጫው ሁለት ነው፤ ከጥቁር ገበያ በእጥፍ ዋጋ መግዛት ወይም ማሳውን ሳያጠጣ መተው። በአበባና በፍሬ ወቅት ውኃ ያጣ ሰብል ደግሞ ነዳጁ በሳምንቱ ቢገኝ እንኳ ያጣውን ምርት አይመልስም።

ደብዳቤው በልቅነት ሲሰጥም ጉዳቱ የዚያኑ ያህል ነው። ፓምፕ ለሌለው ሰው የተጻፈ ደብዳቤ፣ ቀኑ ያላለቀና መጠኑ ያልተገለጸ ፈቃድ፣ ወይም በአንድ ወረቀት ደጋግሞ መቅዳት ለጥቁር ገበያው ሕጋዊ ሽፋን ይሆናል። በመሆኑም የግብርና ጽሕፈት ቤቱ የፓምፕና የማሽን ባለቤቶችን በቀበሌ ደረጃ መዝግቦ ማረጋገጡ፣ የንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ፈቃዱን በመጠን፣ በቀንና በማደያ ስም ወስኖ መስጠቱ አርሶ አደሩንም ማሻሻያውንም ይጠብቃል። በአንዱ ጽሕፈት ቤት ያለው መዝገብ በሌላው የማይታወቅ ከሆነ ግን ባለጉዳዩ ይመላለሳል፤ ሕገ ወጡም በክፍተቱ ያልፋል።

የኤሌክትሪክ ኃይል አማራጭ

የነዳጅ ጥገኝነትን በዘላቂነት የሚቀንሰው ከውኃና ከሌሎች ታዳሽ ምንጮች የሚገኘው የኤሌክትሪክ ኃይል መሆኑ በመንግሥት ፖሊሲ ተመልክቷል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑም ከዚሁ የመነጨ ነው። 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስም ከጣና ሐይቅ የሚነሣ ውኃ የሚጠቀም ነው።

ኃይል ማመንጨትና ኃይል ማዳረስ ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በ1998 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር ኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራምና በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም በርካታ ከተሞችንና ቀበሌዎችን ከመስመር ጋር አገናኝተዋል። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የተከለሰው ፕሮግራም በአውሮፓውያኑ 2025 ሁሉንም ሕዝብ፣ 65 በመቶውን ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ እንደ ፀሐይ ኃይል ባሉ አማራጮች ለማዳረስ ግብ ጥሎ የነበረ ቢሆንም ግቡ በተባለው ጊዜ አልተሟላም። መስመር ባለፈበት መንደር ሁሉ ቤቶች ተገናኝተዋል ማለትም አይደለም፤ የቆጣሪ፣ የምሰሶና የትራንስፎርመር እጥረት ብዙ ቤተሰቦችን ከመስመሩ ሥር በጨለማ ያስቀምጣል።

የታሪፍ ጉዳይም ከነዳጁ ጋር ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ከ1998 ዓ.ም. እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ሳይሻሻል የቆየው የኤሌክትሪክ ታሪፍ የማከፋፈያ መስመሮችን ለመጠገን እንኳ የሚበቃ ገቢ አላስገኘም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የታሪፍ ማሻሻያና ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመታት በየሩብ ዓመቱ እንዲተገበር የተወሰነው ክለሳ ይህንን ለማስተካከል የታለሙ ናቸው። በነዳጅ የሚሠራ ወፍጮ በኤሌክትሪክ እንዲተካ ሲፈለግ ባለወፍጮው የሚያሰላው የታሪፉን መጠን ብቻ አይደለም፤ ኃይሉ በገበያ ቀን ሳይቋረጥ መገኘቱንም ነው። ኃይል በተደጋጋሚ በሚቋረጥበት አካባቢ የናፍጣ ሞተሩ ተጠባባቂ ሆኖ ይቀመጣል፤ የነዳጅ ፍላጎቱም በታሰበው ልክ አይቀንስም።

በገጠር ቤተሰብ ደረጃ ደግሞ ዋነኛው የኃይል ምንጭ እስካሁን ማገዶ ነው። የነጭ ጋዝና የኤሌክትሪክ ዋጋ ሲጨምር ወደ ማገዶና ወደ ከሰል የሚመለሰው ቤተሰብ ይበዛል። የዚህ ሸክም የሚያርፈው ማገዶ በሚለቅሙ ሴቶችና ልጆች እንዲሁም በደን ላይ ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን በግማሽ ገደማ የሚቀንሰው ምርጥ የእንጀራ ምድጃ መስፋፋት ስለዚህ የኢነርጂ ማሻሻያው አንድ አካል ሆኖ ሊታይ ይገባል።

የናይጄሪያ ተሞክሮ

ድጎማን የማንሣት እርምጃ በሌሎች የአፍሪካ ሀገሮችም ተወስዷል። ድፍድፍ ነዳጅ አምራች የሆነችው ናይጄሪያ በግንቦት 2015 ዓ.ም. የቤንዚን ድጎማን በአንድ ጊዜ በማንሣቷ ከ200 ናይራ በታች የነበረው የአንድ ሊትር ዋጋ በቀናት ውስጥ ወደ 500 ናይራ ገደማ አሻቅቧል። የትራንስፖርትና የምግብ ዋጋ ተከትሎ በመጨመሩም በሕዝቡ ኑሮ ላይ ከባድ ጫና ደርሷል። ኢትዮጵያ በአንጻሩ ደረጃ በደረጃ መሄድንና የሕዝብ ትራንስፖርትን ለይቶ መደጎምን መርጣለች። ይህ መንገድ ድንገተኛ ጫናን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ረዘም ላለ ጊዜ ሁለት ዓይነት ዋጋ ጎን ለጎን እንዲኖር ስለሚያደርግ ጠንካራ የመዝገብ ሥራን የግድ ይላል። ድጎማ የሚያገኝ ተሽከርካሪ የቀዳውን ነዳጅ መልሶ እንዳይሸጥና ታሪፉን ጠብቆ እንዲሠራ የሚከታተለው ደግሞ የአካባቢው የትራንስፖርትና የንግድ ተቋም ነው።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ካሉብ የፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ መመረቁ ሀገሪቱ የራሷን ሀብት የመጠቀም ተስፋዋን ያጠናከረ ነው። ሆኖም የሀገር ውስጥ ምርት ሲያድግም ነዳጅን እስከ መጨረሻው ማደያ የማድረስና የመቆጣጠር ሥራ ባለበት ይቀጥላል።

ከፈጻሚ አካላት የሚጠበቅ

ከላይ ከተዘረዘሩት ተግዳሮቶች የዓለም ዋጋ፣ የምንዛሪ ተመንና የወደብ ርቀት ከወረዳና ከዞን ፈጻሚ አካላት አቅም በላይ ናቸው። በእነርሱ እጅ ያሉ ጉዳዮች ግን ጥቂት አይደሉም። ወደ ማደያ የገባው መጠን ከተሸጠው ጋር በየዕለቱ መመሳከሩ፣ የመስኖና የወፍጮ ተጠቃሚዎች መዝገብ ከበጋው ወቅት አስቀድሞ መዘጋጀቱ፣ የድጋፍ ደብዳቤ በተወሰነ ቀን፣ መጠንና ማደያ መሰጠቱ፣ ኔትወርክ በሚቋረጥበት ጊዜ ሽያጭ የሚከናወንበት ሥርዓት በጽሑፍ መታወቁ፣ ነዳጅ ሲገባም ሰዓቱና መጠኑ ለሕዝብ በይፋ መገለጹ በአካባቢ አስተዳደር ሊፈጸሙ የሚችሉ ተግባራት ናቸው።

ማሻሻያው ለመንግሥት በጀት እፎይታ ማስገኘቱ አንዱ ግቡ ነው። ለደምበጫና ለመሰል ከተሞች ተጠቃሚ ግን የሚታየው ውጤት ሌላ ነው፤ ከፍ ያለውን ዋጋ የሚከፍል ሁሉ በምላሹ ነዳጁን ያለ ሰልፍና ያለ አማላጅ በተለጠፈው ዋጋ ማግኘት ይኖርበታል። ዋጋው ጨምሮ አቅርቦቱ ካልተስተካከለ ሸክሙ ሁለት ይሆንበታልና ፈጻሚ አካላት ለመዝገብ፣ ለደብዳቤና ለዕለታዊ ቁጥጥር የሚሰጡት ትኩረት ከአዋጁ ያልተናነሰ ክብደት አለው።